ጾሙም፣ ተርኪውም፣ አማቴም

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዓምድሽን ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ትዳር ከያዝኩ 13 ዓመቴ ነው። የ11 ዓመት ወንድና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ።

ታንክስጊቪንግ፣ በዚህ አገር ሐሙስ ቀን የሚውለው የምስጋና በዓል፣ ሲመጣ የባሌ ቤተሰብ የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነው። አምና 22 ፓውንድ የሚመዝን ተርኪ (ከዶሮ በጣም የሚተልቅ ወፍ ነው) ገዛሁ። ረቡዕ ሌሊቱን ስሠራ አድሬ ጠዋት እንደገባሁ፣ ጎኔን ሳላሳርፍ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት (በዚህ አገር ሰዓት) የጠራኋቸው እንግዶች 5 ሰዓት ላይ መጡ። እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ከኦቨኑ አላወጣሁትም ነበር። ስቆርጠው ደረቱ እንደ ጥጥ እየተበጣጠሰ በእጄ ላይ ቀረ። የባሌ እህት ሁለት ጊዜ እንደጎረሰች «ውኃ አምጡልኝ፣ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ዕቃ ሳጥብ ግን አለቀስኩ።

ዘንድሮ ደግሞ አማቴ ከደሴ መጥተው እኛ ጋ ናቸው፤ እስከ ጥምቀት ይቆያሉ። ታንክስጊቪንግ የሚውለው ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነው። እሳቸው በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት (በዚህ አገር 3 ሰዓት) እህል አይቀምሱም። እኔም እጾማለሁ። ባሌና ልጆቹ አይጾሙም። 14 ሰው እንሆናለን፤ ከኔና ከአማቴ ሌላ ሦስት ጾመኞች አሉ። ልጄ ትምህርት ቤት እጇን ወረቀት ላይ ዘርግታ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምራ፣ አውራ ጣቷን ራስ፣ አራቱን ጣቶቿን ላባ አድርጋ ተርኪ ሠራችና ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። አማቴ አይተው «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ዶሮ ናት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «መቼ ነው የሚበላው?» አሉ። ቀኑን ስነግራቸው «በጾም?» አሉና ዝም አሉ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ባለፈው ሳምንት የባሌ እህት ደውላ «ዘንድሮ አትድከሚ፣ የተጠበሰ አዝዤ አመጣለሁ» አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁት፤ ውስጤ ግን ቆሰለ። ልተወውና እሷ ታምጣ? ወይስ ልሥራ? ብሠራስ ሳልቀምስ እንዴት አድርጌ? አማቴ ባሉበት ቤት በጾም ሥጋ መጥበሱስ ነውር አይሆንም?

ስሜ ይቆይ፣ ከአሌክሳንድሪያ

*

እህቴ፣ ያ ተርኪ የደረቀው ሙያ አንሶሽ አይደለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንግዳ ሲጠብቅ ነው የደረቀው። 22 ፓውንድ የሚመዝን ተርኪ በ325 ዲግሪ ፋራናይት ኦቨን ውስጥ የሚፈልገው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት ከሥራ እንደገባሽ ከከተትሽው፣ እንግዶቹ በተጠሩበት ሰዓት ደርሶልሽ ነበር ማለት ነው። በሰዓቱ ቢመጡ ኖሮ ያቺ ውኃ አትጠየቅም ነበር። ሌሊቱን ቆመሽ አድረሽ፣ ያንን የሚያክል ሥጋ ብቻሽን አብስለሽ፣ በስተመጨረሻ ደግሞ የተሳቀብሽ አንቺ መሆንሽ እኔንም አሳዝኖኛል። ማልቀስሽ አያስገርምም።

(ከዚህ በኋላ የምጽፍልሽ ሰዓት ሁሉ ቤትሽ ግድግዳ ላይ እንዳለው፣ በአሜሪካው አቆጣጠር ነው።)

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ምክንያቱም ብዙ እህቶቻችን በዚህ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። እኛ ዶሮ የምናውቀው በወጥ ነው። ያገር ቤት ዶሮ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ሲንተከተክ ይለሰልሳል፣ ዙሪያውን ወጥ ስላለም አይደርቅም። ስለዚህ እጃችን የለመደው «ትንሽ ደግሞ ይብሰል» ማለትን ነው። ኦቨን ውስጥ ግን ሥጋውን የሚያረጥበው ወጥ የለም። የተርኪ ደረት ስቡ ጥቂት ነው። ሙቀቱ ከ165 ዲግሪ እያለፈ በሄደ ቁጥር ሥጋው እየተኮማተረ የያዘውን ውኃ ይጨምቀዋል። ጭኑ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ጅማት ስላለው 175 አካባቢ ሲደርስ ነው ደህና አድርጎ የሚለሰልሰው። አምና የጭኑን ሥጋ የበላ ሰው ካለ እስቲ ጠይቂው፣ ያን ያህል አልደረቀበት ይሆናል።

አሁን ወደ አማትሽ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀሽ የሳቸው ዝምታ ይመስለኛል።

«በጾም?» ያሉት አንዲት ቃል ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ትርጉም ስትሰጫት የከረምሽው አንቺ ነሽ። ቅሬታ ሊሆን ይችላል። መገረም ብቻም ሊሆን ይችላል። «ያን ቀን እኔስ ምን ልበላ ነው? ከማን ጋር ልቀመጥ?» ማለታቸውም ሊሆን ይችላል። በስተርጅና አገር ለቀው መጥተው፣ ልጃቸው የማይጾምበት ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ የማያውቁት በዓል እየመጣባቸው ነው። ነገሩ ምን እንደሆነ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ወይስ መልሱን ፈርተሽ ነው የተውሽው?

እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጀምረው። አማትሽ ስንት ፋሲካ ሠርተው ይሆን? ለፋሲካ የሚበላው ዶሮ የሚሠራው ቅዳሜ ነው፣ ጾሙ ሳይፈታ። እናቶቻችን ሽንኩርቱን አቁላልተው፣ ቅቤውን ጨምረው፣ ጨውን በእጃቸው መጥነው፣ አንድም ጊዜ ሳይቀምሱ ነው ለሌሊቱ የሚያደርሱት። እናቴ ማማሰያውን ከድስቱ ታወጣና እንፋሎቱን ዓይኗን ጨፍና ታሸት ነበር። «ጨው ቀርቶታል» ትልና በሦስት ጣቶቿ ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስንቀምሰው ልክ ነበር። አማትሽም ይህን ሙያ ሳያውቁት አይቀሩም። በጾም ሥጋ ማብሰል ለሳቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር በጾም መበላቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቡና ባይፈላም ሻይ ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ። «እማማ፣ ለልጆቹ ብዬ ያን ተርኪ ልሠራ አስቤ ነበር። እርስዎ ባሉበት ግን ሳልጠይቅዎ ማድረግ ከበደኝ። ቤት ውስጥ ሥጋ ቢጠበስ ቅር ይልዎታል?» በያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ ለሳቸው የምትመልሽላቸው አንቺ አትሁኚ። ቅር እንደማይላቸው ከነገሩሽ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ «እኔም እየጾምኩ ስለሆነ አልቀምስም። ለፋሲካ ሳይቀምሱ ጨው የሚመጥኑት እንዴት ነው?» በዚህ ጥያቄ ቦታቸው ይቀየራል። ዳኛ ሆነው ከሚቀመጡ ባለሙያ ሆነው ይገባሉ።

ቢከብዳቸውስ? ያን ጊዜ ተርኪው በሌላ ቤት ይብሰል፣ ወይም የባለቤትሽ እህት ያዘዘችውን ታምጣ። ቃላቸውን ያከበርሽላቸው መሆኑን እሳቸውም ልጆችሽም ያያሉ፤ ሽንፈት አድርገሽ አትቁጠሪው። አንቺ ጾመኛ ሆነሽ ሥጋ ማብሰልሽ ኅሊናሽን የሚቆጠቁጥሽ ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባትሽ አሉ። እዚያ ቦታ ላይ እኔ ልቆም አልችልም።

ልሥራ ካልሽ ግን፣ ዘንድሮ እንዳይደርቅ አድርገን እንሥራው።

መጀመሪያ መጠኑ። ከ14 ሰው አምስቱ ጾመኞች ከሆናችሁ ሥጋ የሚበሉት ዘጠኝ ናቸው፤ ከነሱም ሁለቱ ልጆች። ለአንድ ሰው ከአንድ ፓውንድ ትንሽ አለፍ ያለ ከታሰበ 12 ፓውንድ ይበቃል፣ ለማግስቱም ይተርፋል። ትንሹ ተርኪ ከትልቁ ይልቅ እኩል ይበስላል፤ ላንቺም አንድ እጅ ድካም ይቀንስልሻል። ስትገዪ ማሸጊያውን አገላብጠሽ አንብቢ። ጨውና ውኃ የተወጋ ከሆነ ተጽፎበታል። እንዲህ ያለው ቀድሞ ጨው ስላገኘ እንደገና ብትጨምሪበት ጨው ይበዛበታል፤ ያልተወጋውን ፈልጊ።

በረዶ የሆነውን ቅዳሜ ጠዋት ከፍሪዘር ወደ ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ አውርጂው፣ ከሥሩ ትሪ አድርጊለት። ለየ4 ወይም 5 ፓውንዱ አንድ ሙሉ ቀን ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ለቆ ይጠብቅሻል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አውጥተሽ አታሳድሪው፤ መሀሉ በረዶ እንደሆነ ላዩ ሊበላሽ ይችላል።

ማክሰኞ ማታ ሥራ ከሌለሽ ያቺ ማታ ትልቋ ማታ ናት። ሆዱ ውስጥ እጅሽን አስገብተሽ አንገቱን አውጪ። በአንገቱ በኩል ደግሞ ልቡ፣ ጉበቱና መቋደሻው በትንሽ ከረጢት ታሽገው ይኖራሉ። እነሱንም አትርሺ፤ ከነከረጢቱ ኦቨን የገባ ተርኪ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ከአማትሽ ጋር አንድ የምትነጋገሩበት ነገር አለ። እሳቸው ዶሮ የሚያውቁት በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውኃው ኩልል እስኪል ደጋግሞ ታጥቦ ነው። የዚህ አገር የእርሻ መሥሪያ ቤት ደግሞ ጥሬ ዶሮና ተርኪ አትጠቡ ይላል፤ የሚፈናጠረው ውኃ ጀርሙን ሲንኩም ላይ፣ ሰላጣውም ላይ ስለሚያደርሰው። ሥጋው ላይ ያለውን ጀርም የሚገድለው እሳቱ ነው። ከሳቸው ጋር ግን በዚህ አትጨቃጨቂ። ሎሚውን በወጥ ቤት ሶፍት ላይ ጨምቀሽ ስጫቸውና ውስጡንና ውጪውን ይጥረጉት። የቀሩትን የላባ ሥሮችም የሳቸው ጣቶች ካንቺ በተሻለ ያገኟቸዋል። እንጠበው ካሉም ቧንቧ ሳይከፈት በትልቅ ሳፋ ይሁን፤ ከዚያ ሲንኩን በሳሙናና በበረኪና እጠቢው። በየትኛውም መንገድ ቆዳው በሶፍት በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ቆዳ አይጠበስም፤ ይቀቀላል።

ከዚያ ጀርባው ይውጣ። በጠንካራ የወጥ ቤት መቀስ ከጅራቱ ጀምሮ በአከርካሪው ግራና ቀኝ እስከ አንገቱ ትቆርጪና አጥንቱን ታወጪዋለሽ። ተርኪውን ደረቱን ወደ ላይ አድርገሽ ገልብጪውና በሁለት መዳፍሽ ደረቱ ላይ ተደገፊበት፤ ቀጭ ይልና ይዘረጋል። ዶሮን በ12 ብልት ሲያወጡ የኖሩ ሴት አጠገብሽ እያሉ ይህን ብቻሽን አትታገዪ፤ መቀሱን ስጫቸው። የተዘረጋ ተርኪ ጭኑ ከደረቱ ይልቅ ለሙቀቱ ይጋለጣል፣ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። የሚበስልበትም ሰዓት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ካንቺ ኑሮ ጋር በጣም የሚስማማው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ጨው። ሳትቀምሺ መሥራትሽ እዚህ ላይ ምንም አይጎዳሽም፤ ይህ ጨው የሚለካው በማንኪያ ነው። ለየ5 ፓውንዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮሸር የሚባለው ጠጠር ያለ ጨው፤ ላንቺው 12 ፓውንድ ሁለት ማንኪያ ተኩል ያህል ማለት ነው። የገበታው ደቃቅ ጨው ከሆነ ግማሹን ብቻ አድርጊ፣ ማንኪያው ውስጥ ታጭቆ ስለሚገባ በመጠን ይበልጣል። እጅሽን በቀስታ ከቆዳው ሥር አስገብተሽ ቆዳውን ከደረቱ ላይ አላቂው፣ ሳይቀደድ። ጨውን ከቆዳው ሥርም ከላይም አዳርሺው። ከዚያ ትሪ ላይ አድርገሽ፣ ሳትሸፍኚው፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሐሙስ ተይው። መጀመሪያ ጨው ውኃውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ውኃው ጨውን ያሟሟና ሥጋው መልሶ ይጠጣዋል። ያ ጨው የገባው ሥጋ እሳት ሲነካው እንደ በፊቱ አይኮማተርም፣ ውኃውንም አጥብቆ ይይዛል። ረቡዕ አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፣ ተርኪው ግን ፍሪጅ ውስጥ እየተሠራ ነው።

ቅመሙን በተመለከተ ከራሴ ልንገርሽ። መጀመሪያ ዓመት በርበሬውን በዘይት ለውሼ ቆዳው ላይ ቀብቼ ሞቅ ባለ ኦቨን ከተትኩት። በርበሬው አርሮ ጠቆረ፣ ምሬቱ ሥጋው ድረስ ገባ። ከዚያ ወዲህ በርበሬን ከቆዳ ሥር እንጂ ከቆዳ ላይ አላደርገውም። ግማሽ ስኒ ለስለስ ያለ ንጥር ቅቤ ወስደሽ በሦስት ፍሬ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ጥቂት በሶብላና አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ለውሺው፤ ይህን ሐሙስ ዕለት ኦቨን ከመግባቱ በፊት ከደረቱ ቆዳ ሥር አዳርሺው። ቅቤው ሲነጠር አጓቱና ዝቃጩ ስለወጣለት ቶሎ አያርም። በርበሬሽ ከአገር ቤት የመጣ ከሆነ ጨው ሊኖርበት ይችላልና የጨዉን ማንኪያ ስትለኪ አስቢበት። ለልጆቹ የሚያቃጥል መስሎ ከታየሽ በርበሬውን ቀንሺውና ኮረሪማውን አብዢው። ቆዳው ላይ ዘይት ብቻ።

የሐሙስ ቀንሽን እንዲህ አስቤዋለሁ። ጠዋት ከሥራ ትገቢያለሽ፣ ትተኛለሽ። በዚህ ላይ አልደራደርም። እስከ 1 ሰዓት ማንም እንዳይቀሰቅስሽ። 1፡30 ላይ ተርኪውን ከፍሪጅ ታወጪና ቅቤውን ታስገቢለታለሽ፤ ኦቨኑን 425 ላይ ታበሪዋለሽ። እንግዶችሽ የተጠሩት ለ2 ሰዓት ነው። ተርኪው ግን ለ2 ሰዓት አይገባም። ቢያንስ ግማሾቹ መጥተው ኮታቸውን ሲያወልቁ ይግባ፤ 2፡30 ይሁን 3 ሰዓት፣ ግድ የለም። አምና ተርኪው ነበር እንግዳ የጠበቀው፤ ዘንድሮ እንግዳው ይጠብቀው። ተዘርግቶ የሚጠበስ 12 ፓውንድ ተርኪ ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ ስለዚህ ማንም አይራብም።

ሰዓቱ ግምት ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ቴርሞሜትር ነው። ከ15 እስከ 20 ዶላር የሚሸጥ፣ መርፌ ያለው የሥጋ ቴርሞሜትር ግዢ። ከተርኪው ጋር ተሰክቶ የሚመጣውን ፕላስቲክ አትመኚው፤ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ደረቱ ከደረቀ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ሲሞላው መለካት ጀምሪ። መርፌውን ከደረቱ ወፍራም ቦታ በጎን አስገቢው፣ አጥንት እንዳይነካ። ደረቱ 160፣ ጭኑ 175 ሲሆን አውጪው። ከወጣ በኋላም ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ መጨመሩን አያቆምም። 30 ደቂቃ ሳይነካ ይረፍ፤ ከመቁረጥሽ በፊት ደረቱ 165 መድረሱን አንዴ አረጋግጪ፣ የጤናው ልክ እሱ ነው። ወዲያው ከቆረጥሽው ጭማቂው ሰሌዳው ላይ ይፈሳል። ስትቆርጪም ደረቱን በሙሉ ከአጥንቱ አላቀሽ አውጪና እንደ ዳቦ በአግድም ቁረጪው፣ ከሥጋው ጭረት ጋር ሳይሆን ጭረቱን አቋርጠሽ።

ወጥ የለመደ ቤተሰብ ወጥ ይፈልጋል። ማክሰኞ ያወጣሽውን አንገትና ጀርባ አጥንት ረቡዕ ሥራ ከመግባትሽ በፊት ቀቅለሽ መረቁን አጥልለሽ አስቀምጪ። ሐሙስ ተርኪው ኦቨን ውስጥ እያለ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈሽ አቁላይ፣ በርበሬ ጨምሪ፣ በዚያ መረቅ አቅጥኚው፣ መጨረሻ ላይ ትሪው ውስጥ የጠራቀመውን ጭማቂ ጨምሪበት። ጨው ግን ከመጀመሪያ አታድርጊበት፤ የትሪው ጭማቂ ጨዋማ ነውና ልኩን ባለቤትሽ ቀምሶ ይንገርሽ። ይህ በእንጀራም ይበላል፣ በተፈጨ ድንችም ይበላል። የቆየ ቁራጭ ካለም በሱ ይርሳል።

አሁን ደግሞ የማትረሺው ነገር፦ የጾሙ ገበታ። አማትሽና ሌሎቹ ጾመኞች 3 ሰዓት ሲሞላ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ተርኪው ደግሞ ገና ኦቨን ውስጥ ነው። ስለዚህ የጾሙ ምግብ ቀድሞ ይቅረብ፣ ለጾመኞቹ ብቻም ሳይሆን ለሁሉም። አማትሽ መሀል ተቀምጠው፣ ጸሎቱን እሳቸው አድርሰው፣ 14ቱም ሰው ከአንድ ትሪ ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮና የዱባ ወጥ ይብላ። ዱባ በዚህ አገርም የታንክስጊቪንግ ምግብ ነው፤ ልጆችሽ በኬክ ያውቁታል፣ አያታቸው ደግሞ በወጥ ያሳዩዋቸው። የዱባውን ወጥ እሳቸው ቢሠሩት ጥሩ ነው፤ ረቡዕ ቀን አንቺ ስትተኚ ወጥ ቤቱ የሳቸው ይሁን። ለጾሙ ምግብ የተለየ ድስት፣ የተለየ ቢላና መክተፊያ፣ የተለየ ማማሰያ መድቢላቸውና አሳያቸው። ቅቤ የነካው ማንኪያ ድስታቸው ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅሽን ሲያዩ ብዙ ነገር ሳትናገሪ ይገባቸዋል። ተርኪው ከሰዓት በኋላ ወደ 5 ሰዓት ላይ ሁለተኛ ሆኖ ይቀርባል፣ ለሚበላው።

ባለቤትሽ በደብዳቤሽ ውስጥ የታየው ከማይጾሙት ጋር ሲቆጠር ብቻ ነው። እንግዶቹ የሱ ወንድሞችና እህቶች ናቸው፣ እናቱም የሱ እናት ናቸው። አምና ሲስቁ የት ነበር? ይህን ስጠይቅሽ እሱን ለመክሰስ አይደለም፤ ምን ያህል እንዳመመሽ ነግረሽዋል ወይ ለማለት ነው። ዘንድሮ ደውሎ ሰዓቱን የሚነግራቸው እሱ ይሁን፤ ቴርሞሜትሩን የሚያየው፣ የሚቆርጠው፣ ትርፉን ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ የሚያስገባውም እሱ ይሁን። አንቺ ጾመኛ ነሽ፣ የሌሊት ሠራተኛም ነሽ።

እህቱን በተመለከተ፣ «አዝዤ አመጣለሁ» ያለችው ልትነካሽ አስባ ነው ወይስ እውነት ድካምሽን አይታ? ከደብዳቤሽ መለየት አልቻልኩም፤ አንቺም እርግጠኛ አትመስይኝም። ደውይላትና «አመሰግናለሁ፣ ዘንድሮም እኔው ልሞክረው። አምና የተሳቀው ትንሽ ከብዶኝ ነበር፣ ስለዚህ እልህ ይዞኛል። አንቺ ለጾመኞቹ ጣፋጭ ነገር ይዘሽልኝ ነይ፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት» በያት። እውነቱን ሳትሸፍኚ፣ ድምፅሽን ሳትቀይሪ። ሥራም ሰጥተሻታል፣ የሚያምሽንም ነግረሻታል። ይቅርታ ብትጠይቅሽ እሰየው፤ ባትጠይቅሽም ነገሩ ከሆድሽ ወጥቷል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከታንክስጊቪንግ በፊት ባሉት ሳምንታት ሱቆቹ የበረዶ ተርኪ በጣም አርክሰው ይሸጣሉ። ለዚህኛው ስትሄጂ ሁለት ግዢ። አማትሽ ለገና አሉ፤ ያን ቀን ጾሙ ተፈትቶ እሳቸውም ይበላሉ። ሁለተኛውን በኦቨን አትሥሪው። መቀሱንና ቢላውን ለሳቸው አስረክቢና እንደ ዶሮ በ12 ብልት ያውጡት፣ ቆዳው ይገፈፍ፣ ቁሌቱ ውስጥ ይግባ፣ እንቁላሉም ይጨመርበት። ልጅሽ የእጇን ሥዕል የለጠፈችበት ፍሪጅ ፍሪዘር ውስጥ ቦታ አስለቅቂለት፤ ማሸጊያው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «የእማማ፣ ታኅሣሥ 29» ብለሽ ጻፊበትና አስቀምጪው።